ለአሮጌ ቶዮታ ኮሮላ ዲኤክስ የጥገና መጽሐፍ ከየት ይገኛል ላልከው

አብሽር ወንድሜ፣ ይገኛል። ግን «ኮሮላ» ብለህ ብቻ አትፈልግ። ኮፈኑን ክፈትና ትንሿን የብረት ሰሌዳ በጨርቅ ወልውለህ ኮዷን አንብብ። የሞዴሉ ኮድ ኬኢ70 (KE70) የሚል ካለ ሞተሩ አብዛኛውን ጊዜ 4ኬ (4K) የሚባለው ነው። ቶዮታ የሞተሩንና የሻሲውን መጽሐፍ ለየብቻ ያሳትም ስለነበር ሁለቱንም ያዝ። ኢንተርኔት አርካይቭ (archive.org) የሚባለው ድረ ገጽ ላይ የድሮ መኪና መጽሐፎች ስካን ተደርገው በነፃ ይገኛሉ፤ እዚያ ጀምር።

አደራ፣ መሪው በግራ ለሆነ መኪና የተጻፈውን ምረጥ። የአውስትራሊያው መሪው በቀኝ ስለሆነ ሥዕሉ ያሳስትሃል።

ስታገኘው የፍሬኑን ምዕራፍ ፕሪንት አድርገህ በላስቲክ ሸፍነው። ግራሶ የጠጣ ወረቀት አይነበብም። ሥራውንም ከፍሬኑ ጀምር፤ ከደሴ ኮምቦልቻ ስትወርድ የሐረጎ ቁልቁለት ላይ መኪናዋን የምትይዛት በእሱ ነው።