ጥያቄና መልስ፦ የክሌሯ እመቤት ኤልዛቤት ደ በርግና ቤተሰቧ

መግቢያ፦ በ1295 ተወልዳ በ1360 ያረፈችው ኤልዛቤት ደ በርግ የእንግሊዙ ንጉሥ የቀዳማዊ ኤድዋርድ የልጅ ልጅ ናት። በካምብሪጅ ያለው ክሌር ኮሌጅ ስሙን ያገኘው ከእሷ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው። ከመጠየቃችሁ በፊት የምታወሩት ስለ የትኛዋ ኤልዛቤት እንደሆነ እርግጠኛ ሁኑ።

ሐመልማል፦ መምህር፣ ኢንተርኔት ላይ ያገኘሁት የዘር ሐረግ የስኮትላንድ ንግሥት ነበረች ይላል።

መልስ፦ ይኸው ጀመርን። የሮበርት ብሩስ ሚስት ሌላ ኤልዛቤት ደ በርግ ናት፤ የእኛዋ የመጀመሪያ ባል እህት። የእኛዋ የልጅ ልጅም ስሟ ያው ነው። ስም ብቻ አይተሽ አትቅጂ፤ አባትና ባል ማን እንደሆኑ፣ ዘመኑ መቼ እንደሆነ እይ።

የሎንዶኑ፦ ስንት ባል አገባች?

መልስ፦ ሦስት። በ1308 ገና በ13 ዓመቷ ለጆን ደ በርግ ተዳረች፤ 1313 ላይ ሞተ። ቲዮባልድ ደ ቨርደን በ1316 አግብቷት በዚያው ዓመት ሞተ። ሮጀር ዳሞሪን ያገባችው በ1317 ሲሆን፣ እሱም ከዓመፀኞች ጋር ወግኖ በ1322 ሞተ። ከየአንዳንዳቸው አንድ አንድ ልጅ አላት፦ ዊልያም፣ ኢዛቤላና ኤልዛቤት። በ26 ዓመቷ ሦስተኛውን ባሏን ቀብራ ከዚያ በኋላ አላገባችም።

ሐመልማል፦ የኢዛቤላ ልደት ማርች 1316 ተብሎ አየሁ። ቨርደን እናቷን የወሰዳት ፌብሩዋሪ 1316 ከሆነ፣ ከጋብቻው በፊት ተረግዛ ነበር ማለት ነው?

መልስ፦ ይህ ጥሩ ጥያቄ ነው። አልተረገዘችም። በዚያ ዘመን በእንግሊዝ ዓመቱ የሚለወጠው ማርች 25 ላይ ነበር። ሕፃኗ የተወለደችው ማርች 21 ነው፤ አራት ቀን ስለቀራት በእነሱ ገና 1316፣ በዛሬው አቆጣጠር ግን 1317 ነው። አባቷ የሞተው ጁላይ 27፣ 1316 ነው፤ ስለዚህ አባቷን ሳታይ የተወለደች ልጅ ናት። የተወለደችው በአምስበሪ ገዳም ነው፤ የኤልዛቤት አክስት ሜሪ እዚያ መነኩሲት ነበረች። በዚያ ላይ ሰነዱ «በንጉሡ በዚህኛው ዓመት» ብሎ ከቆጠረ፣ የዳግማዊ ኤድዋርድ ዓመት የሚጀምረው ጁላይ 8 ነው። የቤት ሒሳቡ (የቤቷ የወጪ መዝገብ) ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከሴፕቴምበር 29 ይነሣል። የዓመቱን መነሻ ሳታዪ ቀን አትጻፊ።

አበበ፦ «የወሰዳት» ትላላችሁ እንጂ ጠለፋ ነው። ከብሪስቶል ቤተ መንግሥት አይደል ያወጣት?

ቃልኪዳን፦ ቨርደን እኮ አየርላንድ ሳለን ተጫጭተን ነበር፣ ስጠራትም ራሷ ወጥታ መጣች ብሎ ለፓርላማው ተናግሯል።

አበበ፦ ጠላፊ ሌላ ምን ይላል? እኛም አገር ሽማግሌ ሲላክ የሚባለው ያው ነው።

ቃልኪዳን፦ ሀብታም መበለት ሁሉ ምርጫ የላትም ያለህ ማነው?

መልስ፦ በቃችሁ። ያለን የሰውየው ቃል ነው፤ የእሷ ቃል የለም። ንጉሡ ዳግማዊ ኤድዋርድ የተቆጣው መበለቲቱ ያለ ፈቃዱ በመወሰዷ ነው። ወደ ቤተሰቡ እንመለስ።

የሎንዶኑ፦ ያን ያህል የተፈለገችው ለምንድን ነው?

መልስ፦ ለርስቷ። ወንድሟ ጊልበርት በ1314 ከስኮቶች ጋር በተደረገው የባነክበርን ጦርነት ልጅ ሳይተካ ወደቀ፤ ያ ሁሉ የግሎስተር ርስት ለሦስት እህቶች ሊከፈል ሆነ። ሚስቱ ሞድ ነፍሰ ጡር ነኝ ስላለች ክፍፍሉ እስከ 1317 ተጓተተ። እርግዝና ሦስት ዓመት! ንጉሡም የጊልበርትን መበለት እህቶች ለወዳጆቹ እስኪድር ጊዜ ገዛበት።

ምሕረት፦ ስለ ቤተሰብ ሕይወቷ በምን እናውቃለን?

መልስ፦ በመጨረሻ የጠበቅሁት ጥያቄ መጣ። በቤት ሒሳቧ ነዋ! ከ1320ዎቹ እስከ ሞቷ ድረስ በብራና ጥቅል የተጻፈ ሒሳብ ተርፎልናል፤ ለአንዲት ሴት ቤት ይህን ያህል የተረፈ እምብዛም የለም። የዳቦው፣ የቢራው፣ የወጥ ቤቱ፣ የፈረሱ ወጪ ለየብቻው ተመዝግቧል። አንድ ቀን የሚቀለበው ፈረስ ከበዛ እንግዳ መጥቷል ማለት ነው፤ ማን እንደመጣም ብዙ ጊዜ ተጽፏል። በዚህ የሴት ልጆቿንና የልጅ ልጆቿን መምጣት መሄድ ትከተያለሽ። የፔምብሮክ መስፍን መበለት ማሪ ደ ሴንት ፖል የልብ ወዳጇ እንደነበረች የሚታየውም ከዚሁ ነው። የዘር ሐረግ ማን ከማን እንደተወለደ ይነግርሻል፤ ማን ማንን እንደጠየቀ ግን አይነግርሽም። በ1355 ያስጻፈችውን ኑዛዜ ከሒሳቡ ጋር አያይዘሽ አንብቢ። ከሦስቱ ልጆቿ በሕይወት የቀረችላት ትንሿ ኤልዛቤት ብቻ ናት፤ ዊልያም በ1333 አየርላንድ ውስጥ ተገደለ፣ ኢዛቤላ በ1349 «ጥቁሩ ሞት» በተባለው ወረርሽኝ ጊዜ ሞተች።

የሎንዶኑ፦ ሒሳቡ የት ነው?

መልስ፦ ሎንዶን፣ ኪው ሰፈር፣ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት። አንተ ቅርብ ነህ። ላቲን ይዘህ ሂድ።

ናሆም፦ አርፍጄ ነው የመጣሁት፤ የስኮትላንድ ንግሥት የነበረችው እሷ ናት አይደል?

መልስ፦ ከላይ አንብብ።

ናሆም፦ እሺ፣ በአጠቃላይ ስለ መካከለኛው ዘመን ሴቶች ቢነግሩን?

መልስ፦ የቷ ሴት? የት አገር? በየትኛው መቶ ዓመት? ለይተህ ና።

ምሕረት፦ ዘሯስ ቀጠለ?

መልስ፦ በዊልያም በኩል። የእሱ ልጅ ኤልዛቤት የሣልሳዊ ኤድዋርድን ልጅ ላዮኔልን አገባች፤ ልጃቸው ፊሊፓ ከሞርቲመር ቤት ተጋባች። በ1461 ዙፋን የያዘው አራተኛው ኤድዋርድ ከዚህ መስመር ነው። ከፊሊፓ እስከ እሱ ያለውን ትውልድ ስትቆጥሪ ኤድመንድ ሞርቲመር የሚባሉ ከአንድ በላይ ስላሉ አባታቸውን እያየሽ ለዪ።