ከክፍያው በፊት ፕራክቲሱን ይጠይቁ

ጋሼ፣ ጥያቄዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ልጅዎ 12ኛን ጨርሳ «ነርስ ካልሆንኩ» ብላለች። እርስዎ ደግሞ ደጀን ከተማ ሆነው ሦስት መንገድ እያመዛዘኑ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ፣ የመንግሥት ጤና ሳይንስ ኮሌጅ፣ ወይስ «ቶሎ እናስመርቃታለን» ያለዎት የግል ኮሌጅ። እኔ መጀመሪያ በግል ኮሌጅ ደረጃ 4 (ከዲግሪ በታች ያለውን ሥልጠና)፣ ኋላ በዩኒቨርሲቲ ዲግሪ ተምሬያለሁ። አሁን ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ሕፃናት ዋርድ (የተኙ ሕመምተኞች ክፍል) ነው የምሠራው። ያየሁትን ልንገርዎ።

የግል ኮሌጁን የመረጥኩት ለቤታችን ስለሚቀርብ ነበር። መምህራኑ ክፉ አልነበሩም። ችግሩ የመጣው ፕራክቲስ ላይ፣ ሕመምተኛ ጋ ወጥተን ሥራውን በእጃችን የምንለማመድበት ላይ ነው። አንድ ዋርድ ውስጥ ከ30 በላይ ሆነን እንቆማለን። ነርሷ ካኑላ (ደም ሥር ውስጥ የሚገባውን ቀጭን ቱቦ) ስታስገባ ከኋላ ያለነው የምናየው የጓደኞቻችንን ጋዎን ነው። የሠራነው የሚመዘገብበት ሎግ ቡካችን ግን ሁሉም ተሠርቷል ተብሎ ተፈርሞ ይመለሳል። ያኔ ደስ ይለን ነበር።

ተመረቅኩ፣ ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ምዘና) አለፍኩ፣ ጤና ጣቢያ ተቀጠርኩ። በሁለተኛው ሳምንት ሌሊት ተረኛ ሆኜ አንዲት እናት ከገጠር ልጇን አዝላ መጣች። የ10 ወር ሕፃን ነው። ተቅማጥና ትውከት አድክሞታል፣ ዓይኑ ጎድጉዷል፣ የሆዱን ቆዳ ቆንጠጥ አድርጌ ስለቀው ቶሎ አይመለስም። ምን እንደሚደረግ አውቃለሁ። ሪንገር የሚባለው በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ፣ በኪሎ 30 ሚሊ ሊትር በ1 ሰዓት፣ ከዚያ 70 ሚሊ ሊትር በ5 ሰዓት። ለፈተና በቃሌ ይዤዋለሁ። እጄ ግን የሕፃን ደም ሥር ፈልጎ አያውቅም። ሦስት ጊዜ ወጋሁት፣ ሦስቴም ሳትኩ። እናትየው አንድ ቃል አልተናገረችም። ዝም ብላ እጄን ታያለች። አዋላጇ ከማዋለጃ ክፍል ሮጣ መጥታ በአንዴ አገኘችው። ሊነጋጋ ሲል ልጁ ጡት ጠባ። ከዚያ በኋላ ለወራት፣ በዕረፍት ቀኔ ሁሉ እየሄድኩ፣ ኮሌጅ ሳለሁ መማር የነበረብኝን ከአዋላጇ ሥር ተማርኩ።

ስለዚህ ጋሼ፣ ኮሌጁ ቢሮ ሲገቡ ከክፍያው በፊት ፕራክቲሱን ይጠይቁ። ተማሪዎቹ የሚወጡት የት ሆስፒታል ነው? ከሆስፒታሉ ጋር ውል አላችሁ ወይ? አንድ ዋርድ ላይ ስንት ተማሪ ይቆማል? መምህሩስ አብሯቸው ይውላል ወይስ አድርሷቸው ይመለሳል? ጤና ጣቢያ ብቻ የሚልክ ከሆነ አይበቃም። ቀዶ ጥገና፣ ጽኑ ሕሙማን፣ የጨቅላ ሕፃናት ክፍል አብዛኛው ጤና ጣቢያ ውስጥ የለም። በእኛ አካባቢ ብዙ ዓይነት ሕመምተኛ የሚታይባቸው ሆስፒታሎች ደብረ ማርቆስ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ባሕር ዳር ደግሞ ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን ናቸው።

የቢሮውን መልስ ብቻ አይመኑ። ልጅዎ ራሷ ሆስፒታል ሄዳ፣ በምሳ ሰዓት ውጭ የሚቀመጡትን ተማሪዎች ታናግር። «በዚህ ወር በእጅሽ ስንት ካኑላ አስገባሽ?» ብላ አንዷን ትጠይቃት። ተማሪ ለተማሪ አይደብቅም።

ዕውቅናም አለ። «ዕውቅና አለን» ማለት ብቻውን ምንም ማለት አይደለም። ዕውቅና የሚሰጠው ለፕሮግራሙና ለካምፓሱ ነው። ባሕር ዳር ያለው ቅርንጫፍ ዕውቅና አለው ማለት እናንተ ከተማ ያለውም አለው ማለት አይደለም፤ ለአካውንቲንግ የተሰጠውም ለነርሲንግ አይሆንም። ዲግሪ ከሆነ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣንን፣ ደረጃ 4 ከሆነ ክልሉን ይጠይቁ። ወረቀቱን በዓይንዎ ይዩ፣ የሚያበቃበትን ቀንም ጭምር። ይህን ሳያጣሩ ገንዘብ እንዳይከፍሉ።

ፈተናዎቹን በአጭሩ ልንገርዎ። ደረጃ 4 የጨረሰ ሲኦሲ ይፈተናል። ዲግሪ የጨረሰ ደግሞ፣ የግልም ይሁን የመንግሥት፣ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና አለበት፤ ማለፊያው 50 በመቶ ነው። በዚያ ላይ የጤና ሚኒስቴር የሙያ ፈቃድ ፈተና አለ። ያለ ሙያ ፈቃድ ተቀጥሮ ሕመምተኛ ማከም አይቻልም። ያለፉት ዓመታት ተመራቂዎች ስንቱ እንዳለፉ ኮሌጁን ይጠይቁት። ጥሩ ያስተማረ ይነግርዎታል።

የእኔን ምርጫ ከጠየቁኝ፣ ውጤቷ ዩኒቨርሲቲ ካስገባት ዲግሪውን ትያዝ። ደብረ ማርቆስም ባሕር ዳርም ነርሲንግ አለ፤ 4 ዓመት ነው። ነገር ግን ዩኒቨርሲቲ መግባት ነርሲንግ መግባት አይደለም። መጀመሪያ የጋራ ኮርስ ይወስዳሉ፣ ከዚያ በውጤትና በምርጫ ይመደባሉ። የመጀመሪያውን ሴሚስተር ቀላል አድርጋ እንዳታየው አደራ ይበሏት። እንግሊዝኛዋንም ከአሁኑ ታጠንክር፤ መጽሐፉ በሙሉ በሱ ነው። (ተመርቃ ለሥራ አዊ ዞን ብትመደብ ደግሞ የአካባቢውን ቋንቋ አዊኛን ትንሽ መቻል ትልቅ ነገር ነው። አሮጊቷ «የት ጋ ነው የሚያምዎት» ሲባሉ በራሳቸው ቋንቋ ሲሆን ፊታቸው ይፈታል።)

ውጤቷ ካልበቃ የመንግሥት ኮሌጁን ትሞክር፤ ውድድሩ ከባድ ነው፣ ግን ትመዝገብ። ያም ካልሆነ የግሉ ይሁን፣ ፕራክቲሱና ዕውቅናው ከተጣራ። በግል ተምረው የሚያስቀኑኝ ጓደኞች አሉኝ። ከደረጃ 4 ወደ ዲግሪ ማደግም ይቻላል፤ እኔው ያደረግኩት ነው። ሌሊት ተረኛ እየሆኑ ቀን መማር ግን ሰውነት ይጨርሳል። በአንዴ መጨረስ ከቻለች በአንዴ ትጨርስ።

ከመመዝገቧ በፊት ወደ ማርቆስ ይላኩልኝ። ሜትሮኗን (የነርሶቹን ኃላፊ) አስፈቅጄ ግማሽ ቀን ዋርድ ውስጥ አብራኝ ትዋል። ሽታውን፣ ለቅሶውን፣ የአስታማሚውን ግርግር ትየው። ማታ ስትመለስ አሁንም ነርስ መሆን እንደምትፈልግ እርስዎ ይጠይቋት።