«ስንት ገዛሽው?»

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ እትዬ። የአዳማ ልጅ ነኝ፤ ካገባሁ 6 ዓመቴ ነው። የጨነቀኝ የባለቤቴ አባት ነገር ነው። ምድር ባቡር ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ 74 ዓመት የሞላቸው፣ ክፉ ቃል ከአፋቸው የማይወጣ ሰው ናቸው። ግን የምንገዛላቸው ነገር ጠፋን። ጋቢ ገዛን፤ «በዚህ ሙቀት ልትቀቅሉኝ ነው?» አሉ። የእጅ ሰዓት ሰጠናቸው፤ በሳምንቱ «በቀን 2 ደቂቃ ይዘገያል» ብለው መለሱልን። ሞባይሉ እስካሁን ከካርቶኑ አልወጣም። አምና ከዘራ ይዤላቸው ሄድኩ። ቀና ብለው አዩኝና «ማን ሽማግሌ አለሽ?» አሉኝ። ከዘራውን ይዤ ተመለስኩ። አሁን ፋሲካ እየደረሰ ነው፤ 3,000 ብር አለኝ። ምን ልግዛ?

ምራት ነኝ፣ ከአዳማ

መልስ፦ ልጄ፣ ስለ ሳቅሁ ይቅር በይኝ። ለምድር ባቡር ሰው ሰዓት! ፈረንሳዮቹ በዘረጉት ሐዲድ ላይ ዕድሜ ልኩን ባቡር በደቂቃ ሲጠብቅ ለኖረ ሰው ሰዓት ይዞ መቅረብ ፈተና መቀመጥ ነው። በጋቢውም እውነታቸውን ነው። አራት ድርብ ጥጥ ለደብረ ብርሃን ነው እንጂ ለሚያዝያ አዳማ አይሆንም።

የኔም አባት፣ ነፍሱን ይማረውና፣ እንዲሁ ነበር። ወንጂ ስኳር ፋብሪካ ጋራዥ ውስጥ ከሆላንዶቹ ዘመን ጀምሮ የሠራ ሰው ነው። በመጀመሪያ ደመወዜ ሬዲዮ ገዛሁለት። ገልበጥ አድርጎ አየው።

«ስንት ገዛሽው?»

«180 ብር።»

«ተበላሽ!»

ከዚያ ምን አደረገ መሰለሽ? ሬዲዮውን ሳይከፍት ሱቅ ለሱቅ ዋጋ ሲጠይቅ ሰነበተ። ከወንጂ አዳማ ድረስ እየመጣ! በሦስተኛው ሳምንት ጥርሱ ሁሉ እየታየ ገባ። «ፍራንኮ አጠገብ 140 ነው!» አለኝ። ያን ቀን ማታ የባትሪ ድንጋይ ከትቶ ዜና ሰማበት።

ያኔ ነው የገባኝ። ሰውየው ዕቃውን አልጠላም። ሌላ ሰው የተከራከረበት ዕቃ ነው አልዋጥ ያለው።

ለሚቀጥለው በዓል «አባዬ፣ እኔን ነጋዴዎቹ ይጫወቱብኛል፣ አብረኸኝ ና» አልኩት። ጫማ ልንገዛ ሄድን። ሁለት ጊዜ ጥለን ወጣን፣ ሁለት ጊዜ ተጠራን። ሶሉን ያጥፋል። ስፌቱን በጥፍሩ ይነካካል። ነጋዴውን ያባትህ አገር የት ነው ይላል። መጨረሻ ላይ 15 ብር አስቀነሰ። አሥራ አምስት ብር! እኔ እግሬ አልቋል፤ እሱና ነጋዴው ሻይ ይጠጣሉ። ያን ጫማ ሶሉ ሦስት ጊዜ እስኪቀየር ድረስ አደረገው። ለመጣ እንግዳ ሁሉ የሚያወራው ግን ስለ ጫማው አልነበረም፤ ስለ 15 ብሯ ነው።

አንቺም ይዘሻቸው ውጪ። «ስጦታ» የሚል ቃል እንዳታነሺ። ምን ይገዛ ለሚለው፣ ቤታቸው ስትሄጂ በሽቦ ወይም በፕላስተር የታሰረ ነገር ፈልጊ። የባለቤትሽን እናት ብትጠይቂ ደግሞ ቁጭ አድርገው ይዘረዝሩልሻል። እኔ ብሆን ወደ መሣሪያ ሱቆቹ ነበር የምወስዳቸው። ባቡር ላይ የኖረ እጅ ጡረታ አይወጣም፤ ካቻቢቴና ፒንሳ ሲመርጡ ማየት ብቻውን ይበቃል።

ከሆሣዕና በፊት ሂዱ፤ በዓል ሲቃረብ ነጋዴ ቢለምኑትም አይሰማ። ጠዋት ከ4 ሰዓት በፊት ይሁን፤ ፀሐዩን አንቺም ታውቂዋለሽ። «ዋጋ አይቀነስም» የሚል ወረቀት የለጠፈ ሱቅ በፍጹም እንዳትገቢ። ገና በሩ ላይ ቀኑ ይበላሻል።

ብሩን ነጋዴው ፊት ከቦርሳሽ እንዳታወጪ። ባጃጅ ውስጥ እያላችሁ «አባባ፣ ቦርሳዬን ሌባ እንዳይከፍተው ይህን ይያዙልኝ» ብለሽ ስጪያቸው። መልሱን እስከ ሳንቲሙ ቆጥረው ያስረክቡሻል። ተቀበይ። «ይያዙት» ያልሽ እንደሆነ የለፋሽበት ሁሉ ገደል ገባ። ከዚያ ቡና ጋብዣቸው። ማኪያቶ አትዘዢ፣ ጾም ነው፤ እሱንም ይቆጥሩብሻል።

ሰዓቱን ባልሽ ይሰር። ሞባይሉን ተዪው። ከዘራውን ግን መልሰሽ ውሰጂና ከበራቸው ጀርባ አቁሚው። ምንም አትበይ። አባቴ የሱን ሁለት ዓመት ሙሉ አልነካውም። አንድ ቀን ማለዳ ቤተ ክርስቲያን ሊሄድ ሲወጣ ይዞት አየሁ። እኔ ሳልጠይቀው፣

«ለውሻ ነው» አለኝ።