ገናና ቡድን በፍጻሜ ጨዋታ ይሸነፋል ወይ? (መልስ)

በደብረ ማርቆሱ የቀበሌዎች ውድድር እስካሁን ሁሉንም ያሸነፈውን ቡድን የእናንተ ልጆች በፍጻሜው ሊረቱት ይችሉ እንደሆነ ለጠየቁት ወንድማችን፦ አዎን፣ ይቻላል፤ ውድድሩ በነጥብ የሚለይ ሊግ ቢሆን ኖሮ ግን እንዲህ ደፍሬ አልመልስም ነበር።

እግር ኳስ ጎል የሚያንስበት ጨዋታ ስለሆነ አንድ የማዕዘን ምት ወይም አንድ የሳተ ፍጹም ቅጣት ምት የወራት የበላይነትን ሊሽር ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2012 የአፍሪካ ዋንጫ ኮትዲቯር አንድም ጎል ሳይቆጠርባት ለፍጻሜ ደርሳ፣ በ120 ደቂቃውም መረቧን ሳታስደፍር፣ ድሮግባ በ70ኛው ደቂቃ ፍጹም ቅጣት ምቱን ከአግዳሚው በላይ በመስደዱ ጨዋታው ወደ መለያ ምት አምርቶ በዛምቢያ 8 ለ 7 ተረታች።

የእኛው የ1962ቱ (እ.ኤ.አ.) የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ደግሞ ይበልጥ ያስተምራል። ግብፅ የቀደሙትን ሁለት ዋንጫዎች የወሰደች፣ በ1957ቱ ፍጻሜም ኢትዮጵያን 4 ለ 0 ያሸነፈች ነበረች። አዲስ አበባ ላይም ሁለት ጊዜ ቀድማ መርታ ነበር፤ ሆኖም የኢትዮጵያው ሉቺያኖ ቫሳሎ በ84ኛው ደቂቃ 2 ለ 2 ካደረገ በኋላ፣ በተጨማሪው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ አክለው በኢትዮጵያ 4 ለ 2 አሸናፊነት ተጠናቀቀ። (የሜዳና የደጋፊ ጥቅም እንደነበረ መካድ ግን አይገባም።)

ስለዚህ ልጆቹ መጀመሪያ ላይ ተከፍተው እንዳይጫወቱ፣ የማዕዘን ምት እንዲለማመዱ፣ የመለያ ምት መቺዎችም ከዋዜማው እንዲታወቁ ያድርጉ።