የአሮጌ መርሴዲስ ናፍጣ ሞተር ካቴናና ጋይዶቹ፦ ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ስለ አሮጌ መርሴዲስ ናፍጣ ሞተሮች ከምትልኩልኝ ጥያቄዎች ብዙዎቹ አንድ ቦታ ላይ ያርፋሉ፤ ከሞተሩ ፊት የሚሰማ ድምፅ። ስለዚህ ዛሬ ስለ ታይሚንግ ካቴናው (ከፊት ያለው የሞተሩ ሰንሰለት)፣ በተለይም ካቴናው ተደግፎ ስለሚንሸራተትባቸው ፕላስቲክ ጋይዶች የጠየቃችሁኝን አንድ ላይ እመልሳለሁ። በዋናነት የማወራው ደብልዩ 123 ስለሚባለው መኪና፣ ማለትም ስለ 240ዲ እና 300ዲ ነው። ሌላ መኪና ይዛችሁ የጠየቃችሁም አላችሁ፤ እናንተንም አልዘለልኩም።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ 240ዲ አለኝ። ጠዋት ሳስነሳው ከፊት በኩል ለአፍታ ይንኳኳና ዝም ይላል። መካኒኩ “ናፍጣ ሞተር እንዲህ ነው” አለኝ። ልተወው?

አትተወው። ናፍጣ ሞተር እንደሚጮህ እውነት ነው። ግን የናፍጣው ድምፅ ሞተሩ እየሞቀ ሲሄድ ቀስ እያለ ነው የሚለዝበው። በአፍታ ቀጥ የሚል ድምፅ ሌላ ነው። የካቴናው መወጠሪያ የሚሠራው በሞላና በሞተር ዘይት ግፊት ነው። መኪናው አድሮ ሲነሳ፣ ዘይቱ እስኪደርሰው ድረስ ካቴናው ላላ ብሎ ይማታል። ጋይዶቹ ካለቁ ደግሞ የሚማታበት ቦታ ሰፊ ነው፤ አንተም ትሰማዋለህ።

ለማረጋገጥ የቫልቭ ክዳኑን አንሳ። ቀላል ሥራ ነው። በባትሪ ብርሃን ከላይ ያሉትን ጋይዶች እያቸው። ካቴናው የተወው ቀጭን መስመር ብቻ ከሆነ ደህና ነው። ጥፍርህ የሚገባበት ቦይ ከሠራ፣ ፕላስቲኩ ከተሰነጠቀ ወይም ጠርዙ ከጎደለ ጊዜው አልፏል። የዘይት ፊልትሩንም አውጥተህ እጥፋቱን ፈትሽ። ቡናማ የፕላስቲክ ስባሪ ካገኘህ ሌላ ማስረጃ አትፈልግ።

ጥያቄ፦ እኔ ስባሪውን አግኝቻለሁ። መኪናው ግን ጥሩ ይሄዳል። እስከ ወር መጨረሻ ብነዳው ምን ይሆናል?

ወንድሜ፣ አቁመው። ይህ ካቴና ካምሻፍቱንም (ቫልቮቹን የሚከፍተውን ዘንግ) የናፍጣ ፖምፓውንም የሚያዞር ነው። የሞተሩ ኮምፕሬሽን 21 ለ1 ገደማ ነው፤ ፒስተኑ ጫፍ ሲደርስ በሱና በቫልቩ መካከል ያለው ክፍተት ትንሽ ነው። የተሰበረው ጋይድ በካቴናውና በጥርሱ መካከል ከገባ ካቴናው ጥርስ ይዘላል፣ ቫልቭ ከፒስተን ጋር ይጋጫል። ቀስ ብሎ የሚያልቅ ጋይድ ጊዜ ይሰጥሃል። የተሰበረ ጋይድ ግን የሚሰጠው ጊዜ የለም።

ጥያቄ፦ ካቴናው መርዘሙን ሳልፈታ ማወቅ እችላለሁ?

ትችላለህ። ከመግዛትህ በፊት ለካ። የኮሎውን (ፒስተኖቹ የሚያዞሩትን ዋና ዘንግ) ቡሎን በ27 ቁልፍ ይዘህ ሞተሩን በሚዞርበት አቅጣጫ ብቻ በእጅህ አዙረው። ወደ ኋላ አትመልሰው። በካምሻፍቱ ቡሎንም አታዙረው። ካምሻፍቱ ላይ ያለው ምልክት ከማማው (ካምሻፍቱን ከያዘው ድጋፍ) ምልክት ጋር ልክ ሲገጥም ቁም፤ ከዚያ ፊት ያለው ፑሌጃ ላይ ዲግሪውን አንብብ። ዜሮ መሆን ነበረበት። ካለፈው፣ ያለፈበት ያህል ካቴናው ረዝሟል።

ይህ ግምት ነው። ትክክለኛው መለኪያ የመጀመሪያው ሲሊንደር የአየር መግቢያ ቫልቭ 2 ሚሊሜትር ሲከፈት በጌጅ የሚነበበው ነው። ለ300ዲ ሞተር አዲስ ካቴና ላይ ፒስተኑ ጫፍ ካለፈ በኋላ 11.5 ዲግሪ፣ ሲሠራ በቆየ ካቴና ላይ 13.5 ዲግሪ ነው። ከዚህ በላይ እየራቀ በሄደ ቁጥር ቫልቮቹም ፖምፓውም ይዘገያሉ። ጠዋት አልነሳ ማለት፣ ነጭ ጭስ፣ ዳገት ላይ መዳከም የሚመጣው ከዚህ ነው።

አንዳንዶች ካምሻፍቱ ላይ ያለችውን ትንሽ የብረት ሽብልቅ በዘወር ባለች ሽብልቅ ይተኩና ልዩነቱን ያስተካክላሉ። ፋብሪካውም የሚያውቀው ዘዴ ነው። ግን የምታስተካክለው ቫልቮቹን ብቻ ነው፤ ፖምፓው እንደዘገየ ይቀራል፣ ለብቻው መስተካከል አለበት። ጋይዱ ባለቀ ሞተር ላይ እኔ አልመክረውም።

ጥያቄ፦ ጋይዶቹን ለመቀየር ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) መነሳት አለበት?

የላይኞቹን ለመቀየር አያስፈልግም። የሚያስቸግረው የያዟቸው ፒኖች ናቸው። ከፊት ወደ ውስጥ ተመትተው የገቡ ስለሆኑ በፒንሳ አይወጡም። ግን ውስጣቸው 6 ሚሊሜትር ጥርስ አለው። እዚያ ቡሎን አስረህ በሚንሸራተት ክብደት ወደ ውጭ ትመታዋለህ። መሣሪያው ከሌለህ ቱቦ፣ ሮንደላና ዳዶ አድርገህ ቀስ በቀስ ትስበዋለህ። ፒኑ እየወጣ ሳለ ጋይዱን በሌላ እጅህ ያዝ። ከወደቀ ኮፓ (ከታች ያለው የዘይት ገንዳ) ውስጥ ነው የምትፈልገው። ስትመልሰው ፒኑን ሲሊኮን ቀባው፤ አለበለዚያ ዘይት ያንጠባጥባል።

ካቴናውም ከላይ ይቀየራል። መጀመሪያ ካንዴሌታዎቹን (ሲነሳ ሞተሩን የሚያሞቁትን) አውጣ፣ ሞተሩ ያለ ጭንቅ ይዞራል። ካቴናው የሚወርድበትን ጉድጓድ በጨርቅ ድፈን። መወጠሪያውን አውጣ። አሮጌውን ካቴና በግራይንደር ቆርጠህ አዲሱን ከጫፉ ጋር አያይዝ። አንድ ሰው ኮሎውን ቀስ ብሎ ሲያዞር ሌላው ካቴናው ከካምሻፍቱ ጥርስ እንዳይለቅ ይይዛል፤ አዲሱ እየገባ አሮጌው ይወጣል። ብቻህን አትሞክረው። እጅ ቢያዳልጥህ ካቴናው ወደ ታች ይገባል፣ ያኔ የምር ፊቱ ሊፈታ ነው።

ሲያልቅ ሁለት ሙሉ ዙር በእጅ አዙርና ምልክቶቹን ድጋሚ እይ። የትም ቦታ ጠንከር ካለብህ ጉልበት አትጠቀም። ክዳኑ ክፍት ሳለ የቫልቭ ክፍተቱንም አስተካክል፦ መግቢያው 0.10፣ መውጫው 0.30 ሚሊሜትር፣ በቱርቦው 0.35፣ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሆኖ።

ረጅሙ ጎባጣ መወጠሪያ ጋይድና የታችኞቹ ግን ሌላ ጉዳይ ናቸው። እነሱ ብዙ መፍታት ይፈልጋሉ። የላይኞቹ ክፉኛ ካለቁ እነሱም ደህና ናቸው ብዬ አላምንም፤ ዋጋውን ከመካኒኩ ጋር አስቀድመህ ተነጋገር።

ጥያቄ፦ ቨርጂኒያ ነው ያለሁት፣ ቱርቦ 300ዲ ገዛሁ። ጋራዡ “ካቴናውን ብቻ ቀይሪ፣ ጋይዱ ይቆያል” አለኝ። ልቀበል?

አትቀበዪ እህቴ። አዲስ ካቴና ቦይ በሠራ ጋይድ ላይ መግጠም ገንዘብሽን ግማሽ መንገድ ላይ መጣል ነው። የላይኞቹ ጋይዶች ርካሽ ናቸው፣ ክዳኑም አንዴ ተነስቷል። መወጠሪያውም አብሮ ይቀየር።

ጥያቄ፦ የእኔ ደብልዩ 124፣ ባለ 5 ሲሊንደር ናፍጣ ነው። ያው ነው?

ሐሳቡ ያው ነው፣ አንድ አደገኛ ልዩነት አለው። በዚህ ሞተር መወጠሪያው ወደ ፊት ብቻ የሚሄድ ጥርስ አለው። ትንሽ አላልተህ መልሰህ ካጠበቅከው ውስጡ ያለው ዘንግ ወደፊት ሄዷልና ካቴናውን ከመጠን በላይ ይወጥረዋል፤ አዲሱን ጋይድ ይበላዋል። ሁልጊዜ ሙሉ በሙሉ አውጥተህ፣ ፈትተህ፣ ወደ መጀመሪያ ቦታው መልሰህ ነው የምትገጥመው። ይህን የማያውቅ እጅ እንዲነካው አትፍቀድ።

ጥያቄ፦ ሃይሉክስ ባለ 3ኤል ሞተር ነው የምነዳው። ካቴናዬን መቼ ልቀይር?

ያንተ ካቴና የለውም፣ ቺንጋ (የጎማ ቀበቶ) ነው። 2ኤልም፣ 5ኤልም፣ የላንድክሩዘሩ 1ኤችዜድም እንደዚያው። 100,000 ኪሎ ሜትር ሲሞላ ቀይረው፣ ድምፅ አትጠብቅ። ቺንጋ ሳያስጠነቅቅ ነው የሚበጠሰው።

ጥያቄ፦ ሶማሌ ተራ ከተፈታ ሞተር የወጣ ንጹሕ ጋይድ አገኘሁ። ልግዛ?

ከተፈታ ሞተር ፑሌጃ ግዛ፣ ክዳን ግዛ። ጋይድ አትግዛ። ፕላስቲኩ በሙቀትና በዘይት ዕድሜ ደርቋል፤ ንጹሕ መምሰሉ ምንም አይነግርህም። ካቴናውን ደግሞ የኢዊስን ካገኘህ ውሰድ፤ የመርሴዲስ ካቴና ሠሪ ነው።

ጥያቄ፦ ካቴናውም ጋይዱም ተቀየረልኝ፣ መኪናው ደብልዩ 124 ናፍጣ ነው። ከፊት የሚመጣው ድምፅ ግን አልጠፋም። ተታለልኩ?

ላይሆን ይችላል። ለፍሬን አየር የሚስበውን የቫኪዩም ፖምፕ አስፈትሽ። እሱም ከፊት ነው ያለው፣ የሚያዞረውም የናፍጣ ፖምፓው ወገን ነው። የውስጥ ኩሽኔታው ሲያልቅ እንዲሁ ይንኳኳል። የፍሬን ፔዳሉ ከበድ ካለህ ጥርጣሬው ይጠነክራል። ይህን ነገር ዛሬውኑ አስፈትሽ፤ ኩሽኔታው ከተበተነ ኳሶቹ የሚወድቁት በቀጥታ ካቴናው ላይ ነው። ፖምፑ በጥቂት ቡሎን ይወጣል። ኩሽኔታውን በጣትህ አዙረው፣ ከተንቀጫቀጨ አዲስ ግጠም።