መልስ፦ ዓሣ ዓሣ የሚሸት የስንዴ ዘር

ዘርዎ የበሰበሰ ዓሣ እንደሚሸትና አንዳንዱ ፍሬ ሲጫኑት ጥቁር ዱቄት እንደሚወጣው ጽፈዋል። እኔ የምጠረጥረው ሽፍን አረማሞን፣ ማለትም የስንዴውን ፍሬ በጥቁር ዱቄት የሚሞላ የፈንገስ በሽታ ነው፤ ሽታው የሚመጣው ትራይሜቲላሚን ከሚባል ውህድ ነው። ሆኖም በአፍንጫ ብቻ አይፈረድም፤ ዘሩን አጥቦ እጣቢውን መመርመር ያስፈልጋል።

50 ግራም ያህል ዘር ፍላስክ ውስጥ ይክተቱ፤ ውሃና አንድ ሁለት ጠብታ ትዊን 20 (እንደ ሳሙና የሚያገለግል ፈሳሽ) ጨምረው ለጥቂት ደቂቃዎች በደንብ ይነቅንቁ። እጣቢውን በሴንትሪፊውጅ (በፍጥነት አሽከርክሮ ዝቃጩን በሚለይ መሣሪያ) ያዙሩና ዝቃጩን በማይክሮስኮፕ በ400 እጥፍ ያጉሉት። ክብ፣ ቡናማ፣ 20 ማይክሮሜትር ገደማ የሆኑ ስፖሮች (ፈንገሱ የሚራባባቸው ደቃቅ ህዋሳት) ካሉ ያያሉ። እዚህ ላይ አይቸኩሉ። የማይክሮስኮፑን ትኩረት ቀስ እያሉ ከፍ ዝቅ ሲያደርጉ የስፖሩ ቆዳ እንደ መረብ የተጠላለፈ መስሎ ከታየ ቲሌቲያ ካሪየስ ነው፤ ልሙጥ ከሆነ ቲሌቲያ ሌቪስ። ሁለቱም ሽፍን አረማሞን የሚያመጡ የፈንገስ ዝርያዎች ናቸው። ሁለቱ በአንድ ናሙና ሊገኙም ይችላሉ። ከ30 ማይክሮሜትር በላይ የሆኑ ጠቆር ያሉ ስፖሮች ካገኙ ግን የካርናል አረማሞ የሚባለው ሌላ የስንዴ በሽታ ሊሆን ስለሚችል ለኳራንቲን (የዕፅዋት በሽታ እንዳይዛመት ለሚቆጣጠር) ባለሙያ ያሳውቁ።

ዘሩን በእርጥብ ወረቀት ላይ አብቅለው እንዲጠብቁ የመከሩዎት ሰዎች ተሳስተዋል፤ ይህ ፈንገስ በዚያ መንገድ አይገለጥም። ውጤቱን እስኪያውቁ ድረስ እባክዎ አንዲት ፍሬ እንኳ አይዝሩ።