ለኬክ ዲዛይን ሐሳብ ከየት ታመጣላችሁ ላልሽው

እህቴ፣ «የምሠራው ኬክ ሁሉ ከኢንተርኔት የተቀዳ እየመሰለኝ ተቸገርኩ፤ እናንተ አዲስ ሐሳብ ከየት ታመጣላችሁ?» ብለሽ ጠይቀሻል። እኔም ብዙ ጊዜ በዚሁ ስቸገር ስለነበር ሰፋ አድርጌ ልመልስልሽ።

እኔን ያነቃኝ አንድ የመልስ ኬክ ነው። ሙሽራዋ የመሶብ ኬክ አዘዘችኝ። ስልኬን ከፍቼ ሌሎች የሠሩትን አየሁና በ47 ቁጥር ኖዝል (ክሬም በሚጨመቅበት ጫፍ) ዙሪያውን ሞላሁት። ንጹሕ ሥራ ነበር። የሙሽራዋ አያት ግን ጠጋ ብለው አዩትና «ልጄ፣ ይሄ ቅርጫት ነው እንጂ መሶብ አይደለም» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። በ47 ቁጥር የሚወጣው አንዱ ከላይ አንዱ ከታች እያለ የሚሄድ የቅርጫት ጉንጉን ነው። መሶብ ግን ይሰፋል። ከእምብርቱ ይጀመርና አክርማና ስንደዶው ዙር በዙር ላይ እየተጠመጠመ በወስፌ እየተወጋ ይሰፋል። በማግስቱ የእናቴን መሶብ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ዙሩን በጣቴ ተከተልኩት። ቀለሙ በየዙሩ ትንሽ ትንሽ ፈቀቅ እያለ ነው ያንን ደረጃ ደረጃ መልክ የሚሰጠው። ስንት ዓመት እንጀራ የበላሁበት መሶብ ነው፤ ያን ዕለት ግን እንደ አዲስ አየሁት። የሌላ ሰው ኬክ ላይ ይህን ማየት አይቻልም፤ እዚያ የሚገኘው ሌላው ሰው የመረጠው ብቻ ነው።

አሁን መሶብ ስታዘዝ ኬኩን ማዞሪያው ላይ አደርግና በ3 ቁጥር ክብ ኖዝል ከታች ጀምሬ ሳላቋርጥ ወደ ላይ እጠመጥማለሁ። ፍሪጅ ገብቶ ክሬሙ ሲጠነክር በስቴኪኒ አጫጭር ሰያፍ መስመር እያሳረፍኩ ስፌቱን አስመስላለሁ፤ ቀለሙን በቀጭን ብሩሽ እጨርሳለሁ። ብዙ ሰዓት ይፈጃል፤ ዋጋሽን ስትናገሪ አስቢበት።

ሁለተኛው ምንጬ ጥለት ነው። ሽሮ ሜዳ ወርደሽ የተሰቀለውን ቀሚስና ነጠላ ቆመሽ እዪ። ሸማኔው ጥለቱን የሚያወጣው ክር ቆጥሮ ስለሆነ ባለ ካሬ የሒሳብ ደብተር ላይ ቁልጭ ብሎ ይገለበጣል። ከዚያ መለካት ነው። 25 ሳንቲ ስፋት ያለው ክብ ኬክ ዙሪያው 78.5 ሳንቲ ገደማ ነው። አንዱ ቅርጽ 6 ሳንቲ ከሆነ 13 ጊዜ ይገባና ግማሽ ሳንቲ ይተርፋል፤ እሱን ለ13ቱ ብታካፍዪው ማንም አያውቅብሽም። 7 ሳንቲ ከሆነ ግን 11 ጊዜ ገብቶ 1 ሳንቲ ተኩል ይተርፍና መጋጠሚያው ያፈጣል። ፎንዳንት (እንደ ሊጥ የሚዳመጥ የስኳር ልባስ) የምታለብሺው ከሆነ ካለበስሽው በኋላ ለኪ፤ ዙሪያው ይጨምራል።

የብራና መጻሕፍት ራስጌ ላይ ያለው ሐረግም ለሠርግ ኬክ በጣም ያምራል። ግን እርስ በርሱ የሚተላለፍ ጥልፍልፍ ስለሆነ መጀመሪያ ወረቀት ላይ ደጋግመሽ በእርሳስ ካልሣልሽው እጅሽ መሐል ላይ ይጠፋበታል። እኔ የምሠራው ከላይኛው ንብርብር ላይ አንድ ቀበቶ ብቻ ነው፤ ከዚያ በላይ ሲሆን ዓይን ያደክማል።

አንድ ነገር ልለምንሽ። ብዙ ጥለት ላይ የመስቀል ምልክት አለ፣ ለክርስትናም እናቶች መስቀል ያዛሉ። ኬኩ ላይ አትሣዪው፤ በቢላ ይቆረጣል፣ ይህን ሲያዩ የሚከፋቸው ትልልቅ ሰዎች አሉ፣ እኔንም ይከፋኛል። ለብቻው ሠርተሽ አናቱ ላይ አቁሚው፣ ከመቆረጡ በፊት ይነሣል።

ለቀይ ጥለት ደግሞ ቀለሙን ከዋዜማው ቀላቅለሽ አሳድሪው፣ እያደረ ይደምቃል። ወዲያው እንዲቀላ ብለሽ ብዙ ከጨመርሽበት ክሬሙ ይመራል።